የጋሼ ደምሴ ስም ጥሪ

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ ነው፣ አገር ቤት ክረምቱ ገብቶ ሰው ጃንጥላ ይዞ በሚወጣበት ወር፣ እዚህ ላስ ቬጋስ ደግሞ የመኪና መሪ በባዶ እጅ በማይያዝበት ወር። አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም። እግዚአብሔርን አምናለሁ፣ መላእክቱን አምናለሁ፣ ከዚያ ውጭ ያለውን «ኮቴ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ» የሚባለውን ግን «ደክሞሽ ይሆናል፣ ተኚበት» ብዬ ነው የማልፈው። በምሠራበት ሆቴል ሃውስኪፐሮቹ ብቻቸውን መግባት የሚፈሩት አንድ ክፍል አለ፣ ስንት ዓመት ሙሉ የማጸዳው እኔ ነኝ፣ አልጋውን አነጥፋለሁ፣ ውዳሴ ማርያሜን እያልኩ እወጣለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ምንም አላየሁም። ይህን ማስቀደሜ፣ የሚቀጥለውን ስትሰሙ «ይቺ ሴትዮ ድሮም ይታያት ነበር» እንዳትሉኝ ነው።

አገር ቤት ሳለሁ የቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ፣ በአማርኛ ታይፕ እጄ ፈጣን ነው። በስልሳ ዘጠኝ የሶማሊያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ የተዋጉና ዛሬ እዚህ ከተማ የሚኖሩ አባቶች ይህን ያውቃሉ፣ ትዝታቸውን በአንድ መጽሐፍ ሰብስበው ሊያሳትሙ ሲነሡ «ጽጌ፣ አንቺ ጻፊልን» አሉኝ። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። እነሱ ያንን ወረራ ሲመልሱ እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እናቴ ጎን በሰላም እተኛ ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ «እግዜር ይስጥልኝ» አላልኳቸውም፣ እንግዲህ በጣቴ ልበላቸው አልኩ።

ሥራው እንዲህ ነው፣ ኦፍ ስሆን ቤታቸው እሄዳለሁ፣ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እቀርጻለሁ፣ ከዚያ ከሺፍት ስመለስ ኢርፎን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ። ሁሉም ሲጀምሩ «ምን የሚወራ አለና» ይላሉ፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዓት ማቆም የለም። ሁሉም ጦርነቱን ያሸነፉት ብቻቸውን ነው። ታንከኛው እግረኛው የት እንደነበረ አያስታውስም፣ እግረኛው ደግሞ ታንክ የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። እየሳቅሁ ጻፍኩ፣ እያለቀስኩም ጻፍኩ፣ በሐምሌ መጽሐፉ አለቀ፣ የጋሼ ደምሴ ክፍል ብቻ ቀረ።

ጋሼ ደምሴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ኤርፖርት ታክሲ የነዱ፣ ሜሪላንድ ፓርክዌይ አጠገብ ካለ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤታቸው ከእትዬ ወርቄ ጋር የሚኖሩ ሰው ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ የሃያ ሦስት ዓመት አሥር አለቃ ነበሩ፣ ጠዋት ጠዋት የመቶዋን ወታደሮች ስም የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ፣ መቶ ትባል እንጂ ከእሳቸው ሌላ ሠላሳ ሁለት ሰዎች ነበሩ ያሏት። እነዚያ ሰዎች ከሐረር ወጣ ብሎ ባለ አንድ ኮረብታ ላይ አራት ቀን ጠላትን አቆሙት፣ ኮረብታውንም አላስያዙም፣ በአምስተኛው ቀን ወገን ሲደርስላቸው በእግራቸው የወረዱት ግን ከእሳቸው ጋር ዘጠኝ ናቸው።

ስለ ራሳቸው አንድ ገጽ እንኳ አልሰጡኝም። «የእኔን ተዪው፣ ስማቸውን ጻፊ፣ በሰልፉ ቅደም ተከተል» አሉኝ። ከዚያ ዳዊት እንደሚደግም ሰው፣ ስም ከነአባት፣ በቃላቸው አወረዱልኝ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ቆይተው። ሠላሳ አንዱን። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

ሰውየውን አልረሱትም፣ የጠፋቸው ስሙ ነው። ግራኝ ነበር፣ ስኳር ካገኘ በደረቁ ይቅማል፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። የዘመተው በሰርጉ ሳምንት ነው፣ ስለዚህ ገና ሲመጣ «ሙሽራው» ብለው አወጡለት፣ ጋሼ ደምሴ ራሳቸው ስም ጥሪ ላይ እንኳ «ሙሽራው!» ብለው ነበር የሚጠሩት፣ ሰልፉ በሙሉ ይስቃል፣ እሱም አፉን ሸፍኖ «አቤት» ይላል። ኮረብታው ላይ ውሃ ሲያልቅ ኮዳዎቹን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሸለቆ ድረስ እየወረደ የሚያመጣላቸው እሱ ነበር። በአራተኛው ቀን ውሃ ይዞ መጣ፣ ኮዳውን ለጋሼ ደምሴ ሲያቀብል ተመታ።

«ውሃውን ጠጣሁት» አሉኝ። «እሱ እግሬ ሥር ወድቆ እኔ ጠጣሁት። ጠምቶኝ ነበር።»

በኋላ አለቆች የሞቱትን ስም አምጣ ሲሏቸው የሰጡት ያንኑ የስም ጥሪ ደብተር ነው፣ ሰባተኛው መስመር ላይ የተጻፈው ደግሞ «ሙሽራው» ነበር። በዚህ ስም የማን ቤት ይንኳኳል? ለዚያች ሙሽራ መርዶ ማን ያድርስላት? «እስከ ዛሬ ይመጣል ብላ ትጠብቅ ይሆናል» ይላሉ። የድሮ መዝገብ ላይ ይገኝ እንደሆነ አገር ቤት ሰው ልከን አስጠይቀን ነበር፣ አልተገኘም።

እኔም አንድ ቀን ተሳሳትኩ፣ መጽሐፉ ዘገየ ብዬ «ታዲያ ጋሼ፣ ሙሽራው ብለን እናትመው» አልኳቸው። እንደዚያ ቀን ተቆጥተውኝ አያውቁም። «ሰው ነው እኮ! አባቱ ያወጣለት ስም አለው። አንዴ ነጥቄዋለሁ፣ አሁን ደግሞ በማተሚያ ቤት አልነጥቀውም!»

ጉሮሯቸው ደግሞ ከታመመ ወራት ሆኖታል። ዶክተሩ ማክሰኞ ጠዋት ቀዶ ጥገና ቀጠራቸው፣ ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል ጨርሰው ያወጡታል፣ ከዚያ በኋላ መናገር የለም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደወሉልኝ፣ ድምፃቸው እንደ አሸዋ ሻክሯል።

«ነገ ኦፍ ነሽ አይደል? ነይ። ድምፄ ሳይሄድ አንዴ ሙሉውን ልጥራቸው። ስም ጥሪ ካላለቀ ‹ተበተን› አይባልም ልጄ። እነዚያ ልጆች ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በተጠንቀቅ እንደቆሙ ናቸው።»

«ሰባተኛውስ ጋሼ?»

«እሱን ነው እንጂ የምፈልገው» አሉ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስኩ። ጋሼ ሐሰን ቀድመውኝ ተቀምጠዋል፣ የድሬዳዋ ልጅ ናቸው፣ በዚያው ጦርነት ታንክ ነጂ የነበሩ፣ እዚህ ደግሞ ከጋሼ ደምሴ ጋር አንድ ታክሲ በሺፍት እየተቀባበሉ የነዱ።

«አቦ ይሄን ሰውዬ ተይው!» አሉኝ ገና ስገባ። «ሠላሳ ሁለት እግረኛ ለመጥራት ይሄ ሁሉ ሥነ ሥርዓት! እኛ ታንከኞች አራት ነን፣ ጠሪ አያስፈልገንም፣ አንዱ ከቀረ ታንኩ ራሱ ይናገራል።»

«አንተ ውስጥ ተቀምጠህ ነው የተዋጋኸው» አሉ ጋሼ ደምሴ። «ዝናብ እንኳ አልነካህም።»

«ሙቀቱስ? የታንክ ውስጥ ሙቀት ታውቃለህ?»

«ቆይ አሁን ሁላችንም እናውቀዋለን» አሉ እትዬ ወርቄ ከኩሽና፣ «ጽጌ ኤሲውን ልታጠፋው ነው።»

እውነታቸውን ነው። የኤሲ ድምፅ ቀረጻ ያበላሻል፣ ስለዚህ በየቤቱ ስቀርጽ አጠፋዋለሁ፣ በሐምሌ ግን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቤቱ ምድጃ ይሆናል፣ ቀርጸን መልሰን እንከፍታለን፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና እናጠፋለን። ልጄ ሶልያና ይህን ስትሰማ «ማሚ፣ ሲሪየስሊ? ሽማግሌ ያለበት ቤት ኤሲ ኦፍ አይደረግም!» ትለኛለች። እትዬ ወርቄ ፍሪጁንም ነቀሉልኝ። ያ ሁሉ ጩኸት ሲቆም ቤቱ ምን ያህል ጸጥ እንዳለ ልነግራችሁ አልችልም፣ የራሴን ትንፋሽ ሰማሁት።

ጋሼ ደምሴ ተነሡ፣ ስም ተቀምጦ አይጠራም አሉ። በነጠላ ጫማ ምንጣፉ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ፣ «ተጠንቀቅ!» አሉ በዚያ በሻከረ ድምፅ። አንድ ስም ይጠራሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ሌላውን ይጠራሉ፣ ዝም ይላሉ። ስድስት ጠሩ። ሰባተኛው ላይ ዝም እንዳሉ ቀሩ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ምንም አልወጣም፣ ሳል ያዛቸው። ኤሲውን ከፈትን።

«በየመሐሉ ለምን ያን ያህል ዝም ይላሉ ጋሼ?»

«አቤት ለማለት ጊዜ ይፈልጋሉ» አሉኝ፣ ይህም ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን እያዩኝ።

እሳቸው አጥሚታቸውን ሲቀምሱ እኔ ቀረጻው ጥሩ መሆኑን ልይ ብዬ ኢርፎኔን አደረግሁ። እመኑኝ፣ መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። ከመጀመሪያው ስም በኋላ፣ በዝምታው ውስጥ፣ አንድ ትንሽ ድምፅ አለ፣ ጠጠር ላይ አንዱ እግር ከሌላው ጋር ሲገጥም የሚሰማው ዓይነት፣ አንዴ ብቻ፣ ከዚያ ጸጥ። ከሁለተኛውም ስም በኋላ አለ። ከሦስተኛውም። ጎረቤት ነው አልኩ፣ ግን ከላያቸው ጣሪያ ነው፣ የታችኛው ቤት ሰዎች ደግሞ ከለቀቁ ቆይተዋል። ስድስት ስም፣ ስድስት ድምፅ። ከዚያ ጋሼ ደምሴ የቆሙበት ቦታ ደረሰ፣ እዚያ ማንም አልተጠራም፣ ድምፁ ግን አለ፣ ሰባተኛው፣ በላዩ ላይ ደግሞ ጎደል ያለ ኮዳ ውስጥ ውሃ ሲናወጥ የመሰለ ነገር።

በስመ አብ አልኩ በልቤ። ኢርፎኑን አውጥቼ ለጋሼ ሐሰን ሰጠኋቸው፣ ምንም አልነገርኳቸውም፣ «ድምፁ ጥሩ ነው ወይ ስሙልኝ» ብቻ አልኩ። ሰሙ። ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

«ይሄ ጠጠር ነው» አሉ በሹክሹክታ።

«እዚህ ቤት ጠጠር የት አለ?»

ምንጣፉን አዩ፣ የጋሼ ደምሴን ነጠላ ጫማ አዩ፣ «ቢስሚላሂ» አሉ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ሊቀልዱ ሞከሩ፣ «እግረኛ ሞቶም መራገጥ አይተውም» አሉ፣ ግን እሳቸውም አልሳቁም፣ እኔም አልሳቅሁም።

«እንንገራቸው?»

«አትንገሪው። እየጠበቁት ይመስለዋል።» ትንሽ ቆዩና ወደ በሩ እያዩ «እየጠበቁት ይሆን እንዴ?» አሉኝ።

ለሁለተኛ ጊዜ ሞከርን። ኤሲው ጠፋ፣ ላብ በጀርባዬ ወረደ። ስድስቱ ተጠሩ። በዚህ ጊዜ እኔ የማየው በሩን ነበር፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለች የመቀርቀሪያ ሰንሰለት አለች፣ ቤቱ ውስጥ ነፋስ የሚባል የለም፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ሰንሰለቷ ግን ቀስ ብላ ትወዛወዛለች፣ አንድ ሰው በትከሻው ታክኳት እንዳለፈ። ጋሼ ሐሰንን አየኋቸው፣ እሳቸውም ሰንሰለቷን እያዩ ነው። ጋሼ ደምሴ ሰባተኛው ላይ ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈለጉ፣ ፈለጉ፣ ሳሉ መጣ፣ መሐረባቸው ላይ ደም አየን።

እትዬ ወርቄ ማማሰያ እንደያዙ ከኩሽና ወጡ። «አንተ ሰውዬ ይብቃህ! ነገ ቢላ የሚጠብቀው ጉሮሮ ነው። ሰባተኛውን እግዜር ያውቀዋል።»

«እግዜርማ ያውቀዋል» አሉ ጋሼ ደምሴ። «የማላውቀው እኔ ነኝ።»

እትዬ ወርቄ ኤሲውን ከፈቱት። ቤቱ እስኪቀዘቅዝ ተቀምጠን ጠበቅን፣ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በመጋረጃው ስንጥቅ ምንጣፉ ላይ ተዘረጋች፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሆኗል። ጋሼ ደምሴ «አንዴ ብቻ» አሉኝ፣ ድምፃቸው ከሹክሹክታ በታች ነበር፣ በዚያ ድምፅ አንድ ስም እንኳ የሚጠራ አልመሰለኝም። እኔ ጸሎቴ አጭር ነው፣ አንተ ሁሉንም በስሙ ታውቃለህ፣ አንዱን ብቻ አካፍላቸው አልኩ፣ ኤሲውን አጠፋሁ፣ ቀረጻውን አስጀመርኩ።

«ተጠንቀቅ።»

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስሞቹ እየወጡ ሲሄዱ ድምፃቸው ከፍ እያለ የሄደ መሰለኝ፣ ተስፋዬ ነው ብዬ ተጠራጠርኩ። ስድስተኛው ተጠራ። ዝም አሉ። በዚህኛው ጊዜ ግን አልፈለጉም፣ ዓይናቸውን አልጨፈኑም፣ አንገታቸውን ትንሽ ዘንበል አድርገው ድምፁ የማይሰማ ዓይን አፋር ሰው እንደሚያዳምጡ ሆኑ። እኔ ምንም አልሰማሁም፣ ምንም፣ መስቀል ይዤ እምላለሁ።

«ድገመው» አሉ ጋሼ ደምሴ፣ ከፊታቸው ባዶ ቦታ ላይ አፍጥጠው። «ጮክ በል!»

ከዚያ ደረታቸው ተነፋ።

«ወታደር ለገሠ ዳባ!»

ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ ታች ግቢ ውሻ ጮኸ፣ ወራት ሙሉ ድምፃቸው ሻክሮ የከረሙ ሰው ናቸው፣ ያ ግን ኮረብታ ለኮረብታ የሚሰማ የአሥር አለቃ ድምፅ ነበር። አላቆሙም፣ ስምንተኛውን ጠሩ፣ ዘጠነኛውን፣ አሥረኛውን፣ ክርስቲያኑንም እስላሙንም፣ የጎጃሙንም የባሌውንም፣ አንድ ጊዜ ሳይስሉ፣ እያንዳንዱን እንደ መድፍ እየተኮሱ። ጋሼ ሐሰን ስምንተኛው ላይ ተነሡ፣ ያ ሁሉ በእግረኛ ላይ የቀለዱ ታንከኛ እጃቸውን በጎናቸው አጣብቀው ቀጥ ብለው ቆሙ፣ እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ይወርዳል። እኔም ቆሜ ነበር፣ መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም። ሠላሳ ሁለተኛው ስም ተጠራ። ጋሼ ደምሴ ዙሪያውን አንዴ አዩ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ሰልፍ እንደሚያይ ሰው።

«ተበተን!»

እትዬ ወርቄ ማማሰያቸውን ወርውረው እልልታውን አቀለጡት፣ እኔም ተከተልኳቸው። ከግቢው ማዶ አንድ ጎረቤት ወጥቶ «ኤቭሪቲንግ ኦኬ?» እያለ ሲጮህ፣ ጋሼ ሐሰን መስኮቱን ከፍተው «ዊ ዎን!» አሉት። ምኑን እንዳሸነፍን አልገባውም፣ ግን አውራ ጣቱን አሳይቶን ገባ።

ጋሼ ደምሴ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገሩም፣ ድምፃቸው እዚያው አለቀ፣ ሊስቁ አፋቸውን ሲከፍቱ እንኳ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና በእጃቸው ውሃ ጠየቁን፣ እትዬ ወርቄ ሰጧቸው፣ ስንት ወር ሙሉ ውሃ ሲውጡ ፊታቸው ይጨማደድ ነበር፣ ያን ዕለት ግን ብርጭቆውን እስከ ታች ጠጡት፣ ፊታቸውም አልተለወጠም።

ትውስታ ነው ትሉ ይሆናል፣ የተረሳ ስም ድንገት ይመጣል፣ እኔም ብዬ ነበር። ማታ አገር ቤት ሲነጋ ጋሼ ሐሰን ስልክ ደወሉ፣ ከዘጠኙ ከጋሼ ደምሴ ሌላ ዛሬ በሕይወት ያሉት አንዱ ብቻ ናቸው፣ ናዝሬት ይኖራሉ፣ ከዚህ በፊት ጠይቀናቸው እሳቸውም ስሙን አላስታወሱም ነበር።

«ስማ፣ ለገሠ ዳባ የሚባል ታውቃለህ?» አሏቸው ጋሼ ሐሰን፣ ሙሽራው የሚለውን ሳይነኩ።

ከስልኩ ውስጥ እንደ ልቅሶ ያለ ድምፅ መጣ። «ሙሽራው! ሙሽራው ነው እኮ! ማን ነገራችሁ?»

ጋሼ ሐሰን እኔን አዩኝ፣ ጋሼ ደምሴን አዩ፣ «ራሱ» አሉና ስልኩን ዘጉት።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ ደምሴ ዛሬም በሕይወት አሉ፣ ከእኛ ጋር የሚያወሩት በደብተር ነው፣ ጋሼ ሐሰንንም በጽሑፍ ነው የሚሰድቡት። መጽሐፉም ወጥቷል፣ ሰባተኛው መስመር ላይ ወታደር ለገሠ ዳባ ይላል። ሙሽሪትን ወይም ዘመዶቿን እየፈለግን ነው፣ አሁን የምንጠይቅበት ስም አለን።

ያልነገርኳቸው ግን ቤቴ ገብቼ የሰማሁትን ነው።

ሶልያና ሥራ ነበረች፣ ኩሽና ብቻዬን ተቀምጬ የመጨረሻውን ቀረጻ ከፈትኩ። ኮቴዎቹ ነበሩ፣ በመቁጠሪያዬ ቆጠርኳቸው፣ ሠላሳ አንድ፣ በሕይወት ካሉት ከናዝሬቱ ሰው ስም በኋላ ብቻ ዝምታ ነው። «ድገመው» ከሚለው በፊት ምንም የለም፣ አሥር ጊዜ አዳመጥኩት፣ ምንም። «ተበተን» ከተባለ በኋላ የእትዬ ወርቄ እልልታ ይመጣል፣ ከእልልታው ሥር ደግሞ ብዙ እግር ጠጠሩን እየረገጠ ሲበተን ይሰማል፣ ወዲያና ወዲህ፣ እየራቀ፣ በመሐሉ የወጣት ወንዶች ሳቅ፣ ከትምህርት ቤት እንደተለቀቁ ልጆች ያለ ሳቅ። ፈርቼ ነበር፣ ያን ሳቅ ስሰማ ግን ፍርሃቴ ሁሉ ለቀቀኝ፣ አለቀስኩ፣ ተመስገን አልኩ።

በደስታው መሐል ስልኬን ማጥፋት ረስቼው ነበር። ኮቴዎቹ ሁሉ ርቀው ጠፉ፣ ጋሼ ሐሰን በመስኮት ሲጮሁ ይሰማል፣ ከዚያ የወንበሩ መንቋቋት፣ ጋሼ ደምሴ ሲቀመጡ ነው። ከዚያ አንድ እርምጃ ጠጠር ላይ። ቆም። ሌላ እርምጃ፣ ወደ ስልኩ፣ ወደ ወንበሩ እየቀረበ። ውሃ ተናወጠ። ከዚያ የቆርቆሮ ክዳን ቀስ ብሎ ሲዞር፣ ሲጥጥ፣ ሲጥጥ። ቀረጻው እዚያ ላይ ያበቃል፣ ያን ጊዜ ነው ትዝ ብሎኝ ስልኩን ያጠፋሁት።

ሁሉም ሲበተኑ አንዱ ቀርቷል ማለት ነው። ውሃ ሊያቀብላቸው ይሁን ይዟቸው ሊሄድ አላውቅም። ያችን የመጨረሻ ክፍል ለማንም አላሰማሁም፣ አላጠፋኋትምም። ያን ሌሊት ስጸልይ አደርኩ።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ወደ ሆስፒታል ልወስዳቸው ሄድኩ። እትዬ ወርቄ ከፊት ከእኔ ጎን ተቀመጡ። ጋሼ ደምሴ ከኋላ ገቡ፣ የሥራ ቦርሳዬ እዚያው መቀመጫው ላይ ነበር፣ ሰፊ ቦታ እያለ እሳቸው ጥግ ይዘው ከበሩ ጋር ተጣብቀው ተቀመጡ፣ ለሰው ቦታ እንደሚለቅ። በመስታወቱ አየኋቸው። ፈገግ ብለው አዩኝና ቦርሳዬን በዓይናቸው ጠቆሙኝ።

ወረድኩ፣ ዞሬ የወዲያኛውን በር ከፈትኩ፣ ቦርሳዬን አነሣሁ፣ በሩን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ ዘጋሁት፣ ነዳሁ።